95 ነጥብ ያለው ቡድን፣ ኮሪደር የሞላው ባለጉዳይ

ለ፦ በየመሥሪያ ቤቱ የሠራተኛና የቡድን አፈጻጸም ለምትመዝኑ ኃላፊዎች፣ እንዲሁም ለለውጥና ለሰው ሀብት ሥራ አመራር ክፍሎች

ጉዳዩ፦ የቡድን ሥራ በሚለካበት መንገድ ላይ ሐሳብ ስለማቅረብ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ጥር ሲገባ ፎርሙ ይመጣል። ሐምሌ ሲገባም ይመጣል። የግማሽ ዓመቱ ውጤት ይሞላ፣ ይፈረም፣ እስከ ዓርብ ይግባ ይባላል። የቡድን መሪው ቁጭ ብሎ ይሞላል። ለአንዱ 94፣ ለሌላዋ 96፣ ለዚያኛው 95። ፎርሙ ይሰበሰብና ይደመራል። ከዚያ "አፈጻጸማችን እጅግ በጣም ከፍተኛ ነው" ተብሎ በስላይድ ይቀርባል። ስላይዱ በሚቀርብበት ሰዓት ኮሪደሩ ላይ ባለጉዳይ ቆሟል። አንዳንዱ ለዚያው ጉዳይ ስንተኛ ጊዜው እንደሆነ ራሱም ረስቶታል።

እኔ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት የቡድን መሪ ነኝ። የትኛው እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። አንባቢ የሚያውቀውን አንድ መሥሪያ ቤት ቢያስብ ብዙም አይሳሳትም።

ሁሉም ሰው ለምን 95 እንደሚያገኝ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በታች የሰጠ ሰው ጣጣው ብዙ ነው። ማብራሪያ ጻፍ ይባላል። ቅሬታ ይቀርብበታል። ኮሚቴ ይቀመጣል። ሻይ ቡና ላይ "ምን አድርጌህ ነው?" የሚል ፊት ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ነጥቡ ለደረጃ እድገት ውድድር ይያዛል። በዚህ ኑሮ ከባልደረባ ላይ አምስት ነጥብ መቀነስ እንጀራውን መንካት ነው። "ዘንድሮ እሷ ልትወዳደር ስለሆነ ከፍ አድርግላት" የሚባለውም ከክፋት አይደለም። የአበሻ ይሉኝታ ነው።

ስለዚህ ነጥቡ ተጋነነ ብዬ ልከራከር አልመጣሁም። ተጋነነም አልተጋነነ፣ ቡድኑ ስንት ሰው በስንት ቀን እንደሸኘ አይነግረንም። የኔ ጥያቄ እሱ ነው። የቡድን ምርታማነት ማየት ከፈለጋችሁ ከሠራተኛው ጀርባ ተነሱና ፋይሉን ተከተሉት።

አዲስ ነገር አምጡ እያልኩም አይደለም። አዲስ ነገርማ ስንቱን አየን! በ2000 ዓ.ም. አካባቢ ቢፒአር (የሥራ ሂደትን ከሥሩ መለወጥ) ሲባል ግድግዳ ፈርሶ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ ተቀመጥን። ቀጥሎ ቢኤስሲ (ሚዛናዊ የውጤት ምዘና) መጣ። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን እ.ኤ.አ. በ1992 ይህን ሐሳብ ሲያቀርቡ ቁም ነገር ነበራቸው። የገንዘብ ሂሳብ ብቻውን የድርጅትን ጤና አያሳይምና በደንበኛው ዓይን፣ በውስጥ አሠራሩና በመማማርም እዩት ነው ያሉት። እኛ ጋ ሲደርስ አራቱ ዕይታዎች አራት ሠንጠረዥ ሆኑ። ክብደት ተሰጣቸው፣ ተደመሩ፣ ተረሱ። አንድ ለአምስትም በየቀኑ ተገናኝቶ ችግር መፍታት ነበር የታሰበው። በየቦታው የቀረው ቃለ ጉባኤው ነው። የወሩ ቃለ ጉባኤ ሁሉ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ እጅ ጽሑፍ ሲጻፍ ያላየ የመንግሥት ሠራተኛ ካለ እጁን ያውጣ።

ካይዘን ላይ፣ ሥራን በትንሽ በትንሹ ሳያቋርጡ በማሻሻል የጃፓን ዘዴ ላይ፣ ግን ትንሽ ልቆይ፤ እሱን እወደዋለሁ። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጃፓኖችን ጠይቀው የመጣ ነው። የጃፓን ዓለም አቀፍ የትብብር ድርጅት ጃይካ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ ሥራውን በ30 ኩባንያዎች ሞከረው። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። አምስቱን "ማ" የማያውቅ የለም፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ፋብሪካ ውስጥ ውጤቱ ዓይን ላይ ነው። ሠራተኛው መፍቻ ፍለጋ መጋዘን ለመጋዘን አይዞርም። ቢሮ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ ስቴፕለሩ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ ቢጫ ፕላስተር ለጥፈን ጨረስን። ስቴፕለሩ ቦታውን አገኘ። መደርደሪያው ላይ የተቆለለው ፋይል ግን እዚያው ነው። ካይዘን ብክነት ከሚላቸው ነገሮች አንዱ ደግሞ መጠበቅ ነው። እኛ ጋ ትልቁ ብክነት እሱ ሆኖ ሳለ ፕላስተር አልተለጠፈበትም።

አሁን ወደ ፋይሉ። አንዴ በቡድናችን ውስጥ ቀላል ነገር ሞከርን። በእያንዳንዱ የእድሳት ፋይል ሽፋን ላይ ቁራጭ ወረቀት በስፒል አያያዝን። ወረቀቱ ላይ ሦስት ነገር ይጻፋል፦ የተቀበለው ሰው፣ የተቀበለበት ቀንና ሰዓት፣ የለቀቀበት ቀንና ሰዓት። ሌላ ፎርም የለም፣ ሪፖርት የለም።

ወረቀቶቹ ሲመለሱ ቁጭ ብለን አነበብናቸው። መዝገብ ቤት ደብተር ላይ ለማስፈር ደቂቃዎች። ባለሙያው ማስረጃውን ለማየት ሩብ ሰዓት፣ ከበዛ ግማሽ። ደብዳቤ ለመጻፍ እንዲሁ። ፊርማና ማህተም የቅጽበት ሥራ። ሰው ፋይሉን በእጁ ይዞ የሠራበት ጊዜ ሁሉ ቢደመር አንድ ሰዓት አይሞላም። ፋይሉ ግን ከገባ ሳምንት አልፎታል። ቀሪው ጊዜ የት ሄደ? ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ነው የሄደው። አንድ ፋይል ዓርብ ጠዋት ለፊርማ ገብቶ በሚቀጥለው ረቡዕ ከሰዓት ወጥቷል። ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ሰዓቶች ጎን ለጎን ተጽፈዋል። ማንም ማንንም መክሰስ አላስፈለገውም።

እዚህ ላይ ነው ምዘናችን የሚስተው። ባለሙያዋ ያን የሩብ ሰዓት ሥራ በአሥር ደቂቃ ብትጨርሰው ባለጉዳዩ አንድም ቀን ቀድሞ አይሄድም። እኛ ግን በየግማሽ ዓመቱ የምንመዝነው ያንን ሩብ ሰዓት ነው። ሳምንቱን የሚመዝን የለም።

ለዚህ የሚሆን አንድ ስሌት አለ። ኮምፒውተርም ሥልጠናም አይፈልግም። ቡድኑ ጋ ዛሬ ያላለቁትን ፋይሎች ቁጠሩ። በቀን በአማካይ ስንት እንደሚያልቅ ቁጠሩ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ። እንበል 240 ፋይል አለ፣ በቀን 20 ያልቃል። እንግዲህ ዛሬ የሚገባ ሰው በተራው ከተስተናገደ 12 የሥራ ቀን ይጠብቃል። መሥሪያ ቤቱ ለባለጉዳይ ቃል በሚገባበት የዜጎች ቻርተር ላይ "በ3 ቀን" ተብሎ በትልቁ ቢጻፍም ያው 12 ነው። 3 ቀን የሚለው ቃል እንዲጠበቅ መደርደሪያው ላይ ከ60 በላይ ፋይል መኖር የለበትም። ጆን ሊትል የተባለ አሜሪካዊ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1961 ይህን በሒሳብ አረጋግጦታል። ለባንክ ወረፋም፣ ለፋብሪካም፣ ለእኛም መዝገብ ቤት ይሠራል።

ይህ ስሌት የምንወደውን ዘመቻም ልክ ያስገባልናል። ቅዳሜን እንገባለን፣ ውዝፍ እናጸዳለን፣ ፎቶ እንነሳለን፣ ፌስቡክ ላይ እንለጥፋለን። ጥሩ ነው። ግን በቀን 22 ፋይል እየገባ 20 ብቻ ከወጣ፣ ከ22 የሥራ ቀን በኋላ 44 ፋይል ተመልሶ ተቆልሏል። ዘመቻው የቆየውን ያነሳል። የሚቆለልበትን ምክንያት ግን አይነካውም።

ምክንያቱን ከፈለጋችሁ መጀመሪያ ፊርማው ጋ ሂዱ። ለምን አንድ ተራ የእድሳት ደብዳቤ ኃላፊው ካልፈረሙበት አይወጣም? ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ከስብሰባው መልስ መስክ ናቸው። ከመስክ መልስ ሪፖርት ነው። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ ቀናቸው ያለቀው በእኛው ስብሰባ ነው። ለመደበኛ ጉዳይ ለቡድን መሪ ወይም ለባለሙያ የፊርማ ውክልና ይሰጥ። አጠራጣሪው ብቻ ወደ ላይ ይውጣ። "ሙስና ይመጣል" የሚሉ አሉ፤ ስጋታቸው ባዶ አይደለም። ነገር ግን ፋይል ተኝቶ ሲከርም ነው "የሚያስጨርስ ሰው" የሚፈለገው። ደላላው የሚኖረው ከመጠበቁ ነው። ባለሙያው የፈረመውን በናሙና እያወጡ መመርመር ይቻላል። ሁሉንም እፈርማለሁ የሚል ኃላፊ እኮ ሳያነብ ነው የሚፈርመው። እናውቀዋለን።

ሁለተኛው የሚመለሰው ፋይል ነው። "ይህ ይጎድላል፣ አሟልተህ ና" የተባለ ሰው በመዝገባችን ላይ ሁለት አገልግሎት ሆኖ ይቆጠራል። ሁለቴ አስተናገድነው ብለን ሪፖርት እናደርጋለን! ሰውየው ግን ያንኑ አንድ ጉዳይ ይዞ፣ ከሥራው ቀርቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ ሁለቴ መጥቷል። የሚመለሰው ለምንድን ነው? ግድግዳው ላይ የተለጠፈው ዝርዝርና መስኮቱ ላይ የሚጠየቀው ስለማይገጥም ነው። ግድግዳው አራት ማስረጃ ይላል። አንዷ ባለሙያ አምስተኛ ትጠይቃለች። ቀጥሎ ያለው ባለሙያ ደግሞ የሸኚ ደብዳቤ ኦርጅናል ካላየሁ ይላል። ባለሙያዎቹን አንድ ጠዋት አስቀምጣችሁ "ምን ምን ነው የምንጠይቀው?" ብትሏቸው በመካከላቸው ክርክር ይነሳል። ክርክሩ ያልቃል፤ ዝርዝሩም አንድ ይሆናል። ከስንት ሥልጠና የበለጠ የሚጠቅም ጠዋት ነው።

ሦስተኛው "ጎበዟ ሠራተኛ" ናት። በየቡድኑ አንዲት አለች። ሲስተሙን የምታውቀው እሷ፣ የተወሳሰበውን ጉዳይ የምትፈታው እሷ፣ ደብዳቤ የምታርመው እሷ። ሽልማቷ ተጨማሪ ሥራ ነው። ሁሉም ፋይል የሆነ ቦታ ላይ በእሷ እጅ ያልፋል። ሌሎቹ ስምንት ሰዎች በእጥፍ ቢፈጥኑ የሚያድገው በእሷ ጠረጴዛ ላይ ያለው ክምር ብቻ ነው። እሷ የሐኪም ቀጠሮ ያላት ቀን ቡድኑ ሁሉ ይቆማል። እንዲህ ያለ ቡድን አማካይ ነጥቡ 95 ቢሆን ምን ይጠቅማል? የሚያዋጣው ሌላ ሁለት ሰው አጠገቧ አስቀምጦ ማስለመድ ነው። ከእሷም ላይ የስልክ ጥሪውንና የሪፖርቱን ሥራ ማንሳት።

ሲስተም ሲቋረጥ የሚሆነውን አልጨምርም። መብራትና ኔትወርክ ከቡድን መሪ አቅም በላይ ነው። ግን የተቋረጠበት ሰዓት ይመዝገብ፤ ቢያንስ በሠራተኛው ስንፍና አይታሰብ። ስለ ደመወዝም ብዙ አልልም። በወሩ አጋማሽ ብድር የሚጠይቅ ሰው ላይ ስለ ምርታማነት ስብከት ማብዛት ያሳፍራል። ቢሆንም ከላይ የጠቀስኩት ሁሉ በጀት አይጠይቅም።

በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎት በአንድ ጣሪያ ሥር አምጥቷል። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ሰው ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት አይንከራተትም። የኔ ምኞት መስኮቱን ስናሳምር ከመስኮቱ ጀርባ ፋይሉ የሚሄድበትን መንገድም አብረን እንድናሳጥር ነው።

አሁን የሚከብደውን ልበል። እናንተ ኃላፊዎች ቡድን ሲደክም መጀመሪያ የምታደርጉት ነገር ግምገማ መጥራት ነው። ማን አረፈደ፣ ማን ስልክ ነካካ፣ ማን ተነሳሽነት አነሰው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው። ኤድዋርድስ ዴሚንግ የተባለው አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1950 ጃፓን ሄዶ ኢንጂነሮችንና ሥራ አስኪያጆችን ያስተማረ ሰው ነው። ከብዙ ዓመት በኋላ ግምቱን ሲያስቀምጥ፣ ከችግሮች 94 ከመቶው የሥርዓቱ ናቸው፤ ሥርዓቱ ደግሞ የኃላፊዎች ኃላፊነት ነው ብሏል። ቁጥሩ የእሱ ግምት ነው፤ ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። የኛን ቁራጭ ወረቀቶች ያነበበ ሰው ግን ብዙ አይከራከረውም። ሰነፍ ሠራተኛ የለም አላልኩም። አለ፣ ስሙንም ሁሉም ያውቃል። ግን እሱን ነገ ብታሰናብቱት ዓርብ የገባው ፋይል አሁንም የሚወጣው ረቡዕ ነው።

ሌላም አለ። ኤሚ ኤድመንድሰን የተባለች የሃርቫርድ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን አጥንታ ነበር። ጥሩ የሚባሉት ቡድኖች ስህተታቸው ያንሳል ብላ ጠበቀች። ቁጥሩ የተገላቢጦሽ ሆነ፤ በርትተው የሚሠሩት ቡድኖች ብዙ ስህተት አስመዝግበዋል። ነገሩን ስትመረምር ሌሎቹ ስህተታቸውን ይደብቁ ነበር፤ እነዚህኞቹ ደግሞ አለቃቸውን ስለማይፈሩ ይናገራሉ። ወደ እኛ ስንመጣ "የጠፋ ፋይል፦ የለም፤ የተመለሰ፦ የለም፤ ቅሬታ፦ የለም" የሚል ሪፖርት ይዞ የሚመጣ ቡድን ይጨበጨብለታል። እኔ ብሆን መጀመሪያ የምጠረጥረው እሱን ነው። "ትናንት አንድ ፋይል ጠፍቶብን ነበር፣ እንዲህ አድርገን አገኘነው" የሚል ሰው ግምገማ ላይ ስሙ ከተነሳ በሚቀጥለው ወር ማንም አይናገርም። "ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል" እየተባባልን እንቀመጣለን።

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ለአንድ ሩብ ዓመት፣ በአንድ ቡድን ብቻ ሞክሩት። ፋይሉ ላይ ቁራጭ ወረቀት ይያያዝ። በየሳምንቱ ሰኞ ጠዋት ቡድኑ ቆሞ ለሩብ ሰዓት ብቻ ይነጋገር። ከአሥር ባለጉዳይ ስንቱ በቻርተሩ ቀን ውስጥ ሄደ? ስንቱ ተመለሰ? መደርደሪያው ላይ ከሁሉም የቆየው ፋይል የቱ ነው፣ ለምን? አማካዩን ብቻ አትጠይቁ። ዘጠና ዘጠኝ ሰው በሁለት ቀን ሄዶ አንዲት እናት ሁለት ወር ብትመላለስ አማካዩ ያምራል። የቆየውን ፋይል በስሙ ጠይቁ።

አንድ ጥብቅ አደራ አለኝ። ይህን ቁጥር ከሠራተኛው ነጥብ ጋር አታያይዙት። ካያያዛችሁት በወሩ ይሞታል። እንዴት እንደሚሞትም ልንገራችሁ። ባለሙያው ፋይሉን አይቀበልም። "ነገ አምጣው፣ ዛሬ መዝገብ ቤት የለችም" ይላል። ፋይሉ ስላልገባ ሰዓቱ መቁጠር አይጀምርም። ባለጉዳዩ እንደበፊቱ ይመላለሳል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ሁሉም በሁለት ቀን ያለቀ ይመስላል። ያኔ 95ን በሌላ መንገድ ሞላነው ማለት ነው። ስለዚህ ሰዓቱ የሚጀምረው ባለጉዳዩ በር ላይ ከደረሰበት ደቂቃ ይሁን። ጥበቃው ጋ ያለው የመግቢያ ደብተር ለዚህ ይበቃል።

ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ቡድኑን ሰብስባችሁ "ምን እናንሳላችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። "ምን ትጨምራላችሁ?" የሚለውን ለምደነዋል። አንዱ የሳምንት ሪፖርቱ ይቅር ይላል፣ ከወርሃዊው ጋር አንድ ነውና። ሌላዋ የፊርማ ውክልና ትጠይቃለች። ሌላው ደግሞ የሚሠራ ፕሪንተር። ከተጠየቀው ቢያንስ አንዱን በዚያው ሳምንት ፈጽሙ። የቡድኑ ሰዎች ሁለተኛ ጊዜ እውነቱን የሚነግሯችሁ ያን ካዩ ነው።

ፈቃደኛ ቡድን ከጠፋ የእኔ ቡድን አለ። ከሚቀጥለው ሰኞ መጀመር እንችላለን። የሚያስፈልገን ለመደበኛ የእድሳት ደብዳቤ የፊርማ ውክልናና የእናንተ መልካም ፈቃድ ነው።

ከሰላምታ ጋር

አንድ የቡድን መሪ

ግልባጭ፦
ለቡድኑ አባላት